ያልተዘረጋው ጥቅል

ኪርክተን፣ ከዶን ወንዝ አጠገብ
ኤፕሪል 14 ቀን 1669

በዳንዚግ፣ በስኮቶች ሰፈር ለሚኖረው ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለኒኒያን ፎርዳይስ፤

ባሕርን በአሸዋ የገደበ አምላክ አንተን፣ ባለቤትህን ዶሮቴያንና ሕፃኒቱን በደህና ያቆይልኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። የአጃ ገንፎዬን በልቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ብርሃን ሳለ ይህን እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ግሪዘል በፌብሩዋሪ ዘጠኝ ቀን ዐረፈች። ሁለት ሳምንት ታመመች። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ ትኩሳት፤ ከዚያ ምንም። ይህን ለብዙ ሰው ስለ ተናገርሁት አሁን ከአፌ ሲወጣ አይከብደኝም፤ ስለ ዝናብ እንደ ማውራት ሆኗል። እንደምታውቀው ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው መጸለይን አትፈቅድም፤ የተፈረደው ተፈርዷል፤ የእኛ ልመና አይጨምርለትም፣ አይቀንስለትም። አምንበታለሁ። ከቀብሯ ስመለስ ግን እጆቼ ምን እንደሚይዙ አጡ።

ባለፈው ደብዳቤህ የአገርህ የሸቀጥ ስሞች እየጠፉብህ ነው ብለህ፣ ዘርዝሬ እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። እነዚያን ስሞች የምታውቀው እሷ ነበረች። እሷ መወርወሪያዋን እየወረወረች ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እስከ ዛሬ የደረሱህ ደብዳቤዎች ግማሻቸው የእሷ ናቸው። በራሴ የማውቀውን ልጻፍልህ። ጊር የምንለው፣ ነጋዴ ሲናገረው ሸቀጥ ነው፤ የሟች ንብረት ሊመዘግብ የመጣ ጸሐፊ ሲናገረው ደግሞ ሰውየው ትቶት የሄደው ሁሉ ነው፤ ድስቱም፣ ላሟም፣ ያላለቀው ክርም። ክሬመር ሸቀጡን በጀርባው ተሸክሞ መንደር ለመንደር የሚዞር ነው፤ አንተም ስትጀምር እንደ እሱ ነበርህ። መርቻንድ የሚለውን መቼም አልረሳኸውም። ሰው ፊት ሊቀርብ የሚችል፣ ውጩና ውስጡ አንድ የሆነ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ቢዘረጋው ሻጩ የማያፍርበት ዕቃ ነው። ዕቃ ወይ መርቻንድ ነው ወይ አይደለም፤ መካከል የለውም።

በመርከበኛው በማግነስ እጅ አርባ ክንድ የሱፍ ጨርቅ ልኬልሃለሁ። የግሪዘል የመጨረሻ ሥራ ነው። አልጋ ላይ ከመዋሏ በፊት ከመሸመኛው አውርዳ፣ ራሷ አጥብቃ ጠቅልላ፣ በገመድ ቋጥራ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣው ነበር።

አንድ ነገር አልደብቅህም። በጥብቅ የተጠቀለለ ጨርቅ ውጩን እንጂ ሆዱን አያሳይምና፣ ሕጉ ጨርቅ ሁሉ በፈታሹ ፊት ከዳር እስከ ዳር ይዘርጋ ይላል። እኔ የዚህ ከተማ ጨርቅ ፈታሽ ከሆንሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እዘረጋለሁ፣ እለካለሁ፣ በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጫፉ ላይ የእርሳሱን ማኅተም አደርጋለሁ። የእሷን አልዘረጋሁትም። ቋጠሮው የእሷ ነበር። ውጩን ዳሰስሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ጥብቅ ነው፤ ጫፉን ብቻ ስቤ አተምሁት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሳልዘረጋ ያተምሁት እሱን ብቻ ነው። ጉድለት ከተገኘበት ማኅተሙን ይወስዱብኛል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

አንተ ዘርጋውና እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሽጠው። ለዋጋው አልቸኩልም። የምለምንህ አንድ ቃል ነው። መርቻንድ ከሆነ፣ መርቻንድ ነው ብለህ ጻፍልኝ። ለማኅተሜ ብቻ ብዬ አይደለም። ለምን እንደሆነም በደንብ አላውቅም።

ዘመድህ ጊልበርት ፎርዳይስ


ዳንዚግ፣ የስኮቶች ሰፈር
ጁላይ 30 ቀን 1669 (በዚህ አገር ቀኑ ከእናንተ በአሥር ቀን ይቀድማል)

ለተከበሩት አጎቴ ለጊልበርት፤

የመበለቶችና የብቸኞች ጠባቂ የሆነው ጌታ በቤትዎ ይደርልኝ። ደብዳቤዎን ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ገብቼ ተቀምጬ ደገምሁት። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአገር ስወጣ አክስቴ ግሪዘል እስከ ወንዙ ሸኝተውኝ ነበር። «ሸቀጥህን አትመን፣ እግርህን እመን» ብለው ወፍራም ካልሲ ሰጡኝ። ካልሲው አልቋል፤ ምክሩ እስካሁን ያገለግለኛል።

እኛ ደህና ነን። ሕፃኒቱ ጥርስ አውጥታለች። በዚህ ዓመት ከአገር ቤት የመጣ የሱፍ ጨርቅ በዝቶ ዋጋው ወርዷል። ስለ ላኩልኝ ቃላት አመሰግናለሁ። ሽማግሌው ሎውሪ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በፖላንድ መንደሮች በጀርባው ሸቀጥ ያዞረው ክሬመር፣ ለሒሳብ መክፈያ የጻፍሁትን ወረቀት አይቶ ሲስቅብኝ ከርሟል።

«ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አለኝ።

«የእኛ ነው እንጂ።»

«አፍህ ጀርመን ሆኗል፤ ስኮት ሆኖ የቀረው ሆድህ ብቻ ነው።»

ዶሮቴያ «ሆዱም የእኔን ሾርባ ነው የሚበላው» ብላ መለሰችለት። ደብዳቤዎን ካነበብሁላቸው በኋላ ግን ሎውሪ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ጨርቁ ደርሷል። ጥሩ ነው።

ከተቻለ ሦስት ደርዘን ካልሲ በሚቀጥለው መርከብ ቢልኩልኝ። ሌላ ደግሞ፣ አክስቴ የታመሙት ከመቼ ጀምሮ ነበር? ሁለት ሳምንት ብለው ጽፈዋል። ዶሮቴያ ናት የጠየቀችው፤ የሴት ጥያቄ ነው፤ ባይመልሱትም ግድ የለም።

ታዛዥዎ ኒኒያን


ኪርክተን
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1669

ለኒኒያን፤

የሚያደርቅም የሚያረጥብም አምላክ ሰላሙን ይስጥህ። አዝመራው ገብቷል። አጃው ዘንድሮ አጭር ነው። ካልሲውን ከወፍጮ ማዶ ካሉ ሴቶች ሰብስቤ ልኬልሃለሁ።

«ጥሩ ነው» ብለህ ጻፍህልኝ። ይህን ቃል ለብዙ ቀን ይዤው ዞርሁ። ጥሩ የሚባለው አየር ነው፤ ሙሽራ ናት፤ ስብከት ነው። ነጋዴ ሸቀጥ ሲዘረጋ ጥሩ ነው አይልም። ገዢም እንዲያ ብሎ አያውቅም። አንድ ቃል ለምኜህ ነበር፤ ሌላ ቃል ላክህልኝ። ቃሉ ጠፍቶህ ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርሁ፤ ነገር ግን ትርጉሙን በዚያው ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር።

ጥያቄህን ልመልስ። ሁለት ሳምንት ነው። አልጋ ላይ የዋለችው ሁለት ሳምንት ነው።

ሐሙስ ዕለት ገበያ ላይ ኤፊ ጋርዮክ መጣች። ባሏ የሞተባት ሸማኔ ናት፤ ምላሷ ከመቀስ የሰላ ነው። ጥቅሏን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችና በክንዷ ተደገፈችበት።

«አትመው፣ ጊልበርት። ዝናብ መጣ።»

«ዘርጊው።»

«ምኑን ልዘርጋ? ውጩን አላየኸውም? ውስጡ የውጩ ወንድም ነው።»

«ወንድማማች ሁሉ አይመሳሰልም። ዘርጊው።»

«ዛሬ ጨርቅሽን ዘርጊ፣ ነገ ደግሞ ቀሚስሽን ግለጪ ልትለኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። ዘረጋሁት። አሥራ ስምንተኛው ክንድ ላይ ሳሳ፤ ለሦስት ክንድ ያህል እንደ ሳሳ ሄዶ ተመለሰ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያን ሳምንት ልጇ በትኩሳት ተይዛባት እንደነበር ነገረችኝ። «ሕጉ የልጅ ሕመም አያውቅም» አልኋት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፣ ኒኒያን። ያለ ማኅተም ጠቅልላ ሄደች። ያለ ማኅተም የሚገዛት ሰው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ነው የሚወስድባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቴ ጨርቅ ሲነካ የሚሰማው ነገር የለም። ሥራዬን እሠራለሁ። አንድም ስህተት አልሠራሁም።

ስለ ጥቅሉ እውነቱን ጻፍልኝ።

ጊልበርት


ኪርክተን
ኖቬምበር 2 ቀን 1669

ለኒኒያን፤

ይህ ከባሕሩ መዘጋት በፊት የሚሄድ የመጨረሻው መርከብ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ።

መልስ አልመጣም። የመጣው ማግነስ ነው። እሱ ከራሱ መርከብ በቀር የማንንም ምሥጢር መያዝ አይችልም። ምሳ አበላሁትና ጠየቅሁት።

«ያ ጥቅል ተሸጠ?»

«የቱ? ያ አልጋቸው ራስጌ ያለው?»

«አልጋ ራስጌ?»

«ንጹሕ የተልባ እግር ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል። ጨርቅ ነው ወይስ የታመመ እንግዳ ነው ብዬ ልጠይቃት ነበር። አይሸጥም ወይ ብላት፣ ዶሮቴያ ‹አይሸጥም!› ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋህም አልሁት። ዓሣውን ጨርሶ ሄደ።

ኒኒያን፣ የተከለከለ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው አልለምንህም። ዘርግተኸዋል። ያየኸውን አይተሃል። እኔ እዚህ በየሳምንቱ በሰው ጨርቅ ላይ እፈርዳለሁ፤ በየሰንበቱም ቁጭ ብዬ ሰው የተሰወረውን ልቡን ይመርምር የሚል ስብከት እሰማለሁ። ልቤን ልመረምር ስገባ የሚያገኘኝ ባዶ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ የነበረው ነገር አንተ ቤት ነው።

ጊልበርት


ዳንዚግ
ኤፕሪል 18 ቀን 1670

ለተከበሩት አጎቴ፤

በረዶውን ፈትቶ ባሕሩን የከፈተ አምላክ ይመስገን። ክረምቱን ሙሉ ይህን ደብዳቤ በልቤ ስጽፈው፣ ስቀደው ኖርሁ። መርከብ የለም ማለት ምክንያት ሆኖልኝ ነበር። አሁን መርከብ አለ።

ጥቅሉን የዘረጋነው ባለፈው ጁን ሱቅ ውስጥ፣ እኔ፣ ዶሮቴያና ሎውሪ ሆነን ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛው ክንድ ድረስ ሎውሪ እያሞገሰ፣ እኔ እየለካሁ ሄድን። «እንዲህ ያለ ማግ ዛሬ ማን ይመታል!» ይል ነበር። ከአሥራ ሦስተኛው ጀምሮ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ እያነሣ ያየው ጀመር። ማጉ መራራቅ ጀመረ። ሃያ ላይ ስንደርስ ጣት ያሳልፋል። ከሃያ አምስት በኋላ የተበጠሰ ክር ሳይቀጠል አልፏል። መጨረሻው፣ ጥቅሉ እምብርት ላይ ያለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንፊት ነው። መልካሙን ጫፍ ውጭ አድርገው፣ የደከመውን ውስጥ አድርገው ነው የጠቀለሉት።

እኔ ተቆጣሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። ማኅተሙ የእርስዎ፣ ሱቁ የእኔ። ሎውሪ ግን ጨርቁን እጁ ላይ ዘረጋው።

«ይሄ እጅ አልሰነፈም» አለ። «ስንፍና ይዘላል፤ እዚህ ያጠብቃል፣ እዚያ ያላላል። ይሄ ቀስ እያለ ነው የወረደው። ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ።»

ዶሮቴያ «ወራት ታማለች» አለች። «ሁለት ሳምንት አይደለም። ባልየው አላወቀም።»

ስለዚህ ነበር የጠየቅሁዎት። መልስዎ ሲመጣ፣ አልጋ ላይ የዋለችው ብለው ሲጽፉ፣ እንደ ጠረጠሩ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ እጄ አልጽፍ አለኝ።

እዚህ ያለው የአገራችን ሰዎች ማኅበር ደንብ አለው፤ የአገር ቤት ማኅተም ያለበት ዕቃ ጎድሎ ከተገኘ ለሽማግሌዎቹ ይነገራል፣ እነሱም ለከተማችሁ ይጽፋሉ። አልተናገርሁም። ሎውሪም አይናገርም። ከፈቀዱልኝ አሥራ ሁለቱን ክንድ ቆርጬ ለብቻው እሸጣለሁ፤ የቀረውን ዶሮቴያ ታቃጥለዋለች። ማኅተምዎ እንደ ተከበረ ይኖራል፤ ማንም ምንም አያውቅም። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ኒኒያን


ኪርክተን
ጁን 6 ቀን 1670

ለኒኒያን፤

እውነትን በውስጥ የሚወድ አምላክ ይባርክህ፣ ዶሮቴያንም ይባርክልኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ገንፎዬን በላሁ። ሣህኑን አጠብሁ።

አርባ ክንድ ለእሷ የአምስት ሳምንት ሥራ ነበር። ያንን ጨርቅ የጀመረችው በኦክቶበር መግቢያ ነው፤ ያወረደችው በጃንዋሪ መጨረሻ። የክረምት ብርሃን አጭር ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። እንዳልጠየቅኋት አውቃለሁ፤ ጠይቄያት ቢሆን መልሷ ትዝ ይለኝ ነበር። ደግሞ ድምፁ አለ። ግሪዘል ለእያንዳንዱ ማግ ሁለት ጊዜ ነበር የምትመታው፤ ቤታችን ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት የተሰማው ድምፅ እሱ ነው። በመጨረሻው ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ ስትመታ የሰማሁ ይመስለኛል። በእውነት ሰምቼው ይሁን፣ ወይስ አሁን ፈጥሬው፣ መለየት አልቻልሁም።

ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለማንም አልተናገርሁም። ግሪዘል ሕጉን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ከእኔ በፊት ማንም ያንን ጥቅል እንደማይፈታውም ታውቃለች፤ የማንንም ጨርቅ ሳልዘረጋ አላትምምና። ስለዚህ ያጠበቀችው ገዢ ለማታለል አይደለም። ወይ እንዳላውቅባት ቋጠረችው፤ ወይ በአፏ ያልወጣላትን እኔ ስዘረጋው እንዳነበው ትታልኝ ሄደች። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛው ከሆነ፣ መልእክቷን አትሜ ወደ ባሕር ማዶ ልኬዋለሁ።

አትቁረጠው። አታቃጥሉት። እንዳለ መልሰህ ላክልኝ።

ማክሰኞ ወደ ከተማው ዳኛ ሄድሁና ማኅተሙን ከነጉጠቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ነገሩን ነገርሁት።

«ጨርቁ የት ነው?»

«ዳንዚግ።»

«ማን ከሰሰህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው፣ ጊልበርት? ዳንዚግ ያለ ቀዳዳ ኪርክተን ብርድ አያስገባም። ሰውዬ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ኤፊ ጋርዮክን በሕጉ መልሻታለሁ» አልሁት። «ሕጉ የልጅ ሕመም አያውቅም ካልሁ፣ የሚስትም ሕመም አያውቅም።»

 ከዚያ ማኅተሙን ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የጎደለ ጨርቅ ሥርዓቱን ታስታውሳለህ፤ በገበያ ቀን ገበያው መካከል ከቆመው የድንጋይ መስቀል ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይሰቀላል፣ ስም ይነበባል፣ ከዚያ ክንድ በክንድ ተቆርጦ ለደብሩ ድሆች ይታደላል። አንድ ነገር ለመንሁት፤ የሠራችው ሰው ስም እንዳይነበብ። «ማኅተሙ የማን ነው?» አለኝ። የእኔ አልሁት። «እንግዲህ የአንተ ነዋ የሚነበበው» አለ።

ኤፊ ቤትም ሄድሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኋት። እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እያራገፈች ሰማችኝ።

«ሴፕቴምበር ሙሉ፣ ክረምት ሙሉ ስረግምህ ከረምሁ» አለች። «አሁን ማንን ልርገም?»

«እኔኑ እርገሚ፤ አልተለወጥሁም።»

«አይ፣ አሁንማ ጣዕም የለውም» አለችና በሩን ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ከፍታ፣ ትኩስ የአጃ ቂጣ በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። መልሳ ዘጋችው።

ጊልበርት


ዳንዚግ
ኦገስት 20 ቀን 1670

ለተከበሩት አጎቴ፤

የሄደውን የሚመልስ አምላክ ይህን መርከብ በደህና ያድርስልኝ። ጥቅሉን ልኬዋለሁ። በእጃችን አልተቆረጠም፤ ማኅተሙንም አልነካሁትም። የተልባ እግሩን መጠቅለያ ዶሮቴያ ሰፍታዋለች፤ አይመልሱልን፣ የእርስዎ ይሁን ብላለች።

እኔም ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ተናገርሁ። ባለመናገሬ አንድ ወር ሱቄን እንድዘጋ ፈረዱብኝ። ሎውሪ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሁሉ «ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ስኮትኛ እየተማረ ነው» እያለ ወሩን ጨረሰው።

ባለፈው ዓመት ጥሩ ነው ብዬ ስጽፍ ቃሉ ጠፍቶኝ አልነበረም። ቃሉ ብዕሬ ጫፍ ላይ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ኒኒያን


ኪርክተን
ኦክቶበር 9 ቀን 1670

ለኒኒያን፤

እስካሁን ለረዳን አምላክ ምስጋና ይሁን። ማግነስ ጥቅሉን በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልቀለደም።

ቋጠሮው የእሷ አልነበረም፤ የዶሮቴያ ነው። ስለዚህ መፍታቱ ቀለለኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከገበያው መስቀል እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ ገመድ ወጥረን ሰቀልነው። ረዳት የሆነችልኝ ኤፊ ናት፤ ማንም አልጠራትም። የዳኛው ጸሐፊ ስሜን ሦስት ጊዜ አነበበ። ሰው መጥቶ አየ። የተሳደበ የለም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እውነት ግን አይደለም። ቢሳደቡም ባይሳደቡም ለእኔ አንድ ነበር።

ከዚያ ከዳር ጀምሬ ዳሰስሁት፤ በጣቴ፣ እንደ ሥራዬ። አሥራ ሁለት ክንድ እሷ ናት። አሥራ ሦስት ላይ ኖቬምበር ይገባል። ሎውሪ እንዳለው ነው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሃያ አምስት ላይ የተበጠሰው ክር ሳይቀጠል ቀርቷል፤ ጎንበስ ማለት አቅቷት ይሆናል። ይህን ሁሉ ሳነብ ደረቴ ውስጥ ምንም አልነበረም። እጄ ብቻ ይሄድ ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ክንድ ላይ ኤፊ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ። ይሄንን እይ።»

እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ወንፊት መካከል፣ ግማሽ ክንድ ጥብቅ ጨርቅ አለ። ሁለት ሁለት ጊዜ የተመታ። ከዚያ ተመልሶ ይሳሳል። እናንተ አላያችሁትም፤ ከሃያ አምስት በኋላ እያዘናችሁ በችኮላ ወደ መጨረሻው አልፋችሁታል መሰለኝ።

«ያን ቀን ደህና ነበረች» አልሁ።

«ሕመም አንድ ቀን እረፍት አይሰጥም» አለች ኤፊ። «ሸማኔ ብቻዋን ስትሆን ክንዷ ይዝላል። ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲያወራት ደግሞ ይጠነክራል። ያን ቀን አጠገቧ ማን ነበር?»

«እንጃ።»

«አንተ ነበርህ?»

«እንጃ አልሁሽ።»

ገመዱን ልታጠብቅ ሄደች።

ቤት ገብቼ የፍተሻ መዝገቤን ገለጥሁ። ባለፈው ዓመት በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ከባድ በረዶ። ገበያ አልቆመም» ይላል። ገበያ ካልቆመ ቤት ነበርሁ ማለት ነው። ያ ግማሽ ክንድ በዚያ ሳምንት ይዋል በሌላ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቤት ከነበርሁ ምን አወራኋት? ክር እየጠቀለልሁላት ይሆን? ወይስ ጎረቤት ናት የመጣችው? አንዲትም ነገር ትዝ አላለኝም። የሦስት መቶ ሰው ጨርቅ ጉድለት ግን በስም በስም አስታውሳለሁ።

በማግስቱ የደብሩ ሽማግሌዎች በመቀስ ክንድ በክንድ ቆረጡት። ያንን አንዱን ክንድ ለእኔ እንዲያስቀሩልኝ ልለምን አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ድሃ አይደለሁም። ሠላሳ አንደኛው ክንድ ለዓይነ ስውሩ ለሳውንደርስ ደረሰው። እጁን ጨርቁ ላይ እያስኬደ ሄዶ ጥብቁ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ «ይሄ ጋ ይሞቃል» አለ። ኤፊ ያ ግማሹ ትከሻው ላይ እንዲውል አድርጋ ሰፋችለት። የእሷንም ያን የመለስሁባትን ጨርቅ አዲሱ ፈታሽ ደግሞ መለሰባት፤ እሱን ትረግመዋለች።

ሰንበት ሰንበት ከሳውንደርስ ኋላ እቀመጣለሁ። መዝሙር ሲዘመር እሱ ይወዛወዛል፣ ትከሻው ዓይኔ ፊት ነው። ለሞተ ሰው አልጸልይም። ቁጭ ብዬ ጨርቁን አያለሁ፤ ይህንን የከለከለ የለም።

ከዓመት ተኩል በፊት አንድ ቃል ለምኜህ ነበር። አሁን እኔው ልጻፍልህ፤ ስትረሳ የምታየው ይሁንህ። ከአርባው ክንድ አሥራ ሁለቱ መርቻንድ ነበሩ። ሃያ ሰባት ተኩሉ አልነበሩም። ያ ግማሽ ክንድ መርቻንድ ነው።

ጊልበርት